«ስቶፕ» እና «ኲት»፦ ከጎንደር የማታ ክፍላችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀን ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው፤ አስጎብኚዎች፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ልጆች። እንደ «ስቶፕ» እና «ኲት» ደጋግመው የጠየቁኝ ጥንድ ቃል የለም። ሁለቱም በመዝገበ ቃላት «ማቆም፣ መተው» ተብለው ስለሚፈቱ አንዱን በሌላው ቦታ መሰካት ቀላል ነው። ሰሚው ግን ያላሰባችሁትን ይረዳል፤ አንዳንዴ ያልሆናችሁትን ሰው አድርጎ ያስባችኋል። ለዚህ ነው ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው እዚህ የሰበሰብኳቸው። የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛው ፊደል ጽፌዋለሁ። ፊደላችን «ኲ» የሚል ሆሄ ስላለው ቃሉ ከነድምፁ ይመጣል።

ልዩነታቸው በአጭሩ ምንድን ነው?

«ስቶፕ» ነገሩ መቆሙን ይነግረናል፤ ከዚያ አያልፍም። ማን እንዳቆመው፣ ወዶ ይሁን ተገዶ፣ ለአምስት ደቂቃ ይሁን ለዕድሜ ልክ፣ ከቀረው ንግግር እንጂ ከቃሉ አናገኘውም። «ኲት» ውስጥ ግን ሰው አለ። ያ ሰው ሲያደርገው የነበረውን ነገር በቃኝ ብሎ ትቶታል፣ ሊመለስበትም አላሰበም።

ስለዚህ ዝናብ ሲያባራ እንግሊዝኛው «ኢት ስቶፕት ሬይኒንግ» ይላል፤ ዝናብ የሚወስነው ነገር ስለሌለ «ኲት» አይገባም። የእጅ ሰዓት፣ ደም፣ ጫጫታ፣ ልቅሶ፣ ሁሉም «ስቶፕ» ናቸው። ሥራ፣ ሲጋራ፣ ጫት፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ እነዚህን ሰው ወስኖ ይተዋቸዋልና «ኲት» ይገባቸዋል።

በአማርኛ ስታስቡት በአእምሯችሁ የመጣው «ቆመ» ወይም «አቆመ» ከሆነ «ስቶፕ»ን ሞክሩ። የመጣው «ለቀቀ» ወይም «እርግፍ አድርጎ ተወ» ከሆነ «ኲት»ን ሞክሩ። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ያደርሳል። የማያደርስበትን ቦታ ከታች ታገኙታላችሁ።

«ሥራዬን ለቀቅኩ» ለማለት «አይ ስቶፕት ማይ ጆብ» ብል ምን ችግር አለው?

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግራ ይጋባል። «አይ ስቶፕት ወርክ አት ፋይቭ» ብትሉት ግን ወዲያው ይገባዋል፤ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዕለቱን ሥራ ጨርሼ ወጣሁ ማለት ነው፣ ነገ ጠዋት ትመለሳላችሁ። የሥራ ቦታችሁን ጨርሶ ከተዋችሁ «አይ ኲት ማይ ጆብ» ነው።

እዚህ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ሐሳብ ላይ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። «ኲት» ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ነፃ የወጣ፣ ከዕዳ የተለቀቀ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው የላቲን ሥሩ ደግሞ ያረፈ፣ ጸጥ ያለ ማለት ነው። እኛም ሥራን «አቆምኩ» ሳንል «ለቀቅኩ» የምንለው በዚሁ ስሜት ነው። የያዝነውን ለቀን እጃችን ነፃ ይወጣል። እንግሊዝ አገር አከራይ ተከራዩን ቤት ልቀቅ የሚልበት የሕግ ማስታወቂያ እስካሁን «ኖቲስ ቱ ኲት» ይባላል። ሥራ ለቀቀ፣ ቤት ለቀቀ፤ ሁለቱም ቦታ ያው ቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ኲት» የንግግር ቃል ነው፣ ቆፍጠን ያለም ነው። በሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ላይ «አይ ኲት» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ለደብዳቤ የሚሆነው ቃል «ሪዛይን» ነው። «ኲት»ን ለጓደኛችሁ ስታወሩ ተጠቀሙበት።

«ስቶፕ ቱ» እና «ስቶፕ … ኢንግ» ለምን ይለያያሉ? ፈተና ላይ ሁልጊዜ ያሳስተኛል።

ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ ቀመር ሸምድዶት በማግስቱ ይረሳዋል። መሸምደድ አያስፈልግም፤ አማርኛችሁ ውስጥ አለላችሁ።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቱ። «አይ ስቶፕት ቱ ድሪንክ ኮፊ።» «አይ ስቶፕት ድሪንኪንግ ኮፊ።» የመጀመሪያው «ቡና ለመጠጣት ቆምኩ» ነው። ከአዘዞ እየመጣሁ ነበር፣ መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ያየኋት ልጅ ዘንድ ቆም አልኩ፣ ቡናዬን ጠጣሁ። ሁለተኛው «ቡና መጠጣት አቆምኩ» ነው። ሐኪም ከልክሎኛል፣ ወይም እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ከእንግዲህ አልጠጣም።

በአማርኛው ውስጥ የተቀየረውን አያችሁ? «ለመጠጣት» ላይ «ለ» አለች፣ ግሱም «ቆምኩ» ነው። «መጠጣት» ላይ «ለ» የለችም፣ ግሱም «አቆምኩ» ሆኗል። ያች «ለ» የእንግሊዝኛዋ «ቱ» ናት። ዓላማን ትናገራለች፤ ለምን ቆምክ ቢሉ፣ ለመጠጣት። «ለ» ከሌለች የቆመው ድርጊቱ ራሱ ነው፣ ያን ጊዜ «ኢንግ» ትገባለች። ፈተና ላይ ስትቀመጡ ዓረፍተ ነገሩን በልባችሁ ወደ አማርኛ መልሱትና «ለ» መምጣት አለመምጣቷን ተመልከቱ። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሕግ ከእናቱ ጓዳ ይዞት ወጥቷል።

ከተማሪዎቼ አንዱ በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ ባጃጅ ይነዳሉ፣ በክፍል ውስጥ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጠጥ ከተዉ ዓመታት አልፈዋል፣ በዚህም ይኮራሉ፤ ሊኮሩም ይገባል። አንድ ቀን ከግንቡ ወደ ፋሲል መዋኛ የጫኗቸው የውጭ አገር ባልና ሚስት በወሬ መሀል ስለ ጠጅ ጠየቋቸው። ጋሼም በኩራት «አይ ስቶፕት ቱ ድሪንክ» አሏቸው። ሰዎቹ ዝም አሉ። ትንሽ ሄደው ሴትዮዋ እዚሁ እንውረድ አለች፤ ከፍለው በእግራቸው ሄዱ። ጋሼ በዚያው ምሽት ክፍል ገብተው ይህን ሲነግሩን ምን እንዳጠፉ ገና አላወቁም ነበር። ሰዎቹ የሰሙት «ልጠጣ ቆም ብዬ ነበር» የሚል ነው። በአንዲት «ቱ» ምክንያት ስንት ዓመት የጸናው ሰው ጠጥቶ የሚነዳ መሰለ። «አይ ስቶፕት ድሪንኪንግ» ቢሉ ኖሮ ይበቃ ነበር። «አይ ኲት ድሪንኪንግ» ደግሞ ከዚያም ይሻላል፣ ውሳኔያቸውንም ይናገርላቸዋልና። ሰሌዳው ላይ ሦስቱንም ጻፍኩላቸው፤ ጋሼ በደብተራቸው ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ከ«ኲት» በኋላስ «ቱ» አይመጣም?

«ኲት» ከግስ ጋር ሲሄድ «ኢንግ» ነው የሚወስደው፤ «ኲት ስሞኪንግ»፣ «ኲት ቺዊንግ»። «ቱ» ከመጣች እንደገና ዓላማ ናት። «ሺ ኲት ቱ ሉክ አፍተር ኸር ማዘር» ማለት «እናቷን ለማስታመም ሥራዋን ለቀቀች» ነው። «ለ» እዚህም አለች።

ጾም ስይዝ «አይ ኲት ሚት» ልበል?

አይሆንም። በተለይ አስጎብኚዎች ይህን አደራ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ሥጋና ወተት አቁመናል እንጂ ለዘለዓለም አልተውናቸውም። እንግዳው «አይ ኲት ኢቲንግ ሚት» ሲባል የሚረዳው ይህ ሰው ሥጋ የሚባል ነገር ከሕይወቱ አስወጥቷል ብሎ ነው። በፋሲካ ማግስት ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጣችሁ ቢያገኛችሁ ቃላችሁን ያጠፋችሁ ይመስለዋል።

«አይ ስቶፕ ኢቲንግ ሚት ዱሪንግ ዘ ፋስት» በሉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቀላሉ ነው፤ «አይ አም ፋስቲንግ»። ይህን ካላችሁ ሌላው ማብራሪያ በራሱ ይመጣል፤ ስለ ጾማችን ለማውራትም በር ይከፍታል።

በማመልከቻ ላይ «ትምህርቴን አቋርጬ ነበር» ለማለት የትኛውን ልጠቀም?

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ለነፃ የትምህርት ዕድል የምታመለክት አንዲት ተማሪ የጻፈችውን እንዳይላት አመጣችልኝ። በእርሳስ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ ገጽ። መሀል ላይ «አይ ኲት ስኩል ኢን ግሬድ ቴን» የሚል ነበረበት። ምን ሆነሽ ነው ያቋረጥሽው ብዬ ጠየቅኳት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነው አለችኝ። እንደተከፈተ የተመለሰች የመጀመሪያዋ ተማሪ እሷ ነበረች።

«ኲት» ግን ይህን አይናገርም። «ኲት ስኩል» የሚለውን ያነበበ ሰው የሚያየው ትምህርት አልፈልግም ብላ ደብተሯን የጣለች ልጅ ነው። በእንግሊዝኛ «ኲተር» የሚባል ስም አለ፤ ነገር ሲከብደው ትቶ የሚሄድ፣ ጽናት የሌለው ሰው ማለት ነው፤ ስድብ ነው። የዚያ ስም ጥላ በ«ኲት» ላይ አለ። ልጅቷ ራሷን በራሷ እጅ ከሰሰች።

አማርኛ ይህን ልዩነት በአንዲት ቅጥያ ያሳያል። «ትምህርቴን አቋረጥኩ» እና «ትምህርቴ ተቋረጠብኝ» አንድ አይደሉም። «ብኝ» ስትገባ ያደረግሁት ሳይሆን የደረሰብኝ ነው። ለዚህ የሚቀርበው እንግሊዝኛ «ማይ ስኩሊንግ ዎዝ ኢንተራፕትድ» ነው። «አይ ሃድ ቱ ስቶፕ ጎዊንግ ቱ ስኩል» ማለትም ይቻላል፤ «ሃድ ቱ» ስትጨመር ግዴታ ነበረብኝ ትላለች። ቀጥሎም ምክንያቱን በግልጽ ጻፉ፦ ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ፣ አባቴ ስለታመመ፣ ቤተሰብ ስለተፈናቀለ። ያልተዋችሁትን ነገር ተውኩ ብላችሁ አትጻፉ።

ያች ማመልከቻ በዚያው ምሽት ታረመች። «ኲት» ተፍቆ «ዎዝ ኢንተራፕትድ» ሲተካ የእርሳሱ ላጲስ ወረቀቱን ትንሽ አሳሳው፤ ስለዚህ ገጹን በሙሉ እንደገና ገለበጠችው።

ሌላ ሰው ማስቆምን በ«ኲት» መግለጽ ይቻላል?

በፍጹም። ሰው «ኲት» የሚለው የራሱን ነገር ብቻ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ «ዘ ትራፊክ ፖሊስ ስቶፕት ሚ» ነው። እናት ልጇን ሲጋራ ብታስተወው «ሺ ስቶፕት ሂም ፍሮም ስሞኪንግ» ሊባል ይችላል፤ «ሺ ኲት ሂም» ግን ትርጉም አይሰጥም። «አስ» የምትለው የአማርኛ ቅድመ ቅጥያ ካለች፣ ማለትም «አስቆመ»፣ «አስተወ» ካላችሁ፣ «ኲት»ን ከአጠገባችሁ አርቁት።

«ቆመ» ሁልጊዜ «ስቶፕ» ነው?

አይደለም። ይህ የእኛ፣ የአማርኛ ተናጋሪዎች፣ የተለየ ወጥመድ ነው። «ቆመ» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ ከመሄድ ተገታ ማለት ነው፣ በእግሩ ቀጥ ብሎ ተገኘ ማለትም ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ለሁለት ከፍሏቸዋል፤ «ስቶፕ» እና «ስታንድ»።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንግዳ ይዛችሁ ገብታችሁ፣ እንግዳው አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች አይቶ ሲጨርስ፣ ወንበር የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል። አስጎብኚው «ሰዎች በቅዳሴ ለሰዓታት ይቆማሉ» ሊል ፈልጎ «ፒፕል ስቶፕ ፎር አወርስ» ይላል። እንግዳው የሚሰማው ሰዎች ለሰዓታት ሥራ ፈትተው ወይም መንገድ አቋርጠው እንደሚቆዩ ነው። «ፒፕል ስታንድ ፎር አወርስ» ነው መባል ያለበት። መቋሚያውንም አሳዩት። ስሙ ራሱ ከ«ቆመ» የወጣ ነው፤ ሰው ተደግፎት ይቆማል፣ ካህናቱም በዝማሬ ጊዜ ያወዛውዙታል። በእንግሊዝኛ «ፕሬየር ስታፍ» ይባላል።

እንዲሁም «አቆመ» ሐውልት ላይ ሲሆን «ስቶፕ» አይደለም። «ሐውልት አቆሙለት» ለማለት «ዘይ ስቶፕት ኤ ስታቹ» ያለ ተማሪ ነበረኝ፤ «ፑት አፕ» ወይም «ኢሬክትድ» ነው።

መኪና ማቆምስ?

ለቀይ መብራት፣ ለመንገደኛ፣ ለበግ መንጋ ካቆማችሁ «ስቶፕ»። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቆልፋችሁ ከሄዳችሁ «ፓርክ»። «አይ ስቶፕት ማይ ካር ኦል ናይት» አይባልም።

ባጃጅ ወይም ታክሲ ውስጥ ሆኜ «ስቶፕ!» ማለት ነውር ነው?

በእንግሊዝኛ «ስቶፕ!» ብቻውን ሲጮህ የአደጋ ቃል ነው፤ ልጅ መንገድ ውስጥ ሲገባ፣ መኪና ወደ ገደል ሲሄድ የሚባል። ስለዚህ ለሹፌር እንዲሁ ብትሉት ይደነግጣል፣ ይቀየማልም። እኛ «እዚህ ጋ አቁምልኝ» ስንል «ልኝ» የምትለዋ ነገሩን ታለዝበዋለች፤ ለእኔ ብለህ እንደ ማለት ነው። «ወራጅ አለ» ስንል ደግሞ ትእዛዙ ጭራሽ ጠፍቷል፤ የሚወርድ ሰው መኖሩን ብቻ ተናግረን ቀሪውን ለሹፌሩ እንተዋለን። እጅግ የማደንቀው ጨዋነት ነው። እንግሊዝኛ «ልኝ» የለውም፣ ስለዚህ በሌላ ይተካዋል፤ «ኩድ ዩ ስቶፕ ሂር፣ ፕሊዝ?»።

በነገራችን ላይ ስለ መቆም የምንጠቀምባቸው ሁለት የታወቁ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ፌርማታ» በጣሊያንኛ መቆሚያ ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ «ባስ ስቶፕ» የሚባለው። «ፍሬን»ም ከጣሊያንኛው «ፍሬኖ» ነው። ቁጭ ብለን የምንማርበት ሰፈር ስም «ፒያሳ» ራሱ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። የጣሊያን ወታደሮች እ.ኤ.አ. ኅዳር 1941 እዚሁ ጎንደር ላይ እጃቸውን ሰጥተው ከሄዱ ዘመን ቢቆጠርም ቃላታቸው ከባጃጆቻችን ላይ አልወረዱም።

«ስቶፕ» ከየት የመጣ ቃል ነው?

የሚገርም ታሪክ አለው። መጀመሪያ ትርጉሙ ከመሄድ መገታት አልነበረም፤ መወተፍ ነበር። ከሥሩ ያለው የላቲን ቃል የተልባ ተክል ጭረት ወይም ገለባ መሰል ክር ማለት ነው፤ ቀዳዳ የሚደፈንበት ነገር። ልክ የእኛ ውታፍ። ጠርሙስ ወይም እንስራ ሲወተፍ የሚፈሰው ነገር ይቆማል፤ ከዚያ ቃሉ ቀስ በቀስ ለሚሄድ ነገር ሁሉ መገቻ ሆነ። አሁንም የጠርሙስ ውታፍ በእንግሊዝኛ «ስቶፐር» ነው።

ይህን ማወቅ ለፈተና አይጠቅምም ይሆናል፤ የሁለቱን ቃላት ጠባይ ግን ይገልጣል። አንዱ መወተፍ ነው፣ ሌላው መልቀቅ። ውታፍ ተነቅሎ የሚፈሰው እንደገና ሊፈስ ይችላል፤ ስለዚህ «ስቶፕ» ያለ ሰው ሊቀጥል ይችላል። ከእጅ የለቀቁት ግን ሄዷል።

«ሆልት»፣ «ፖዝ»፣ «ሲዝ»፣ «ጊቭ አፕ»ስ?

«ሆልት» የወታደር ነው፤ ሰልፈኛን «ቁም!» እንደማለት። በጋዜጣም ታገኙታላችሁ፣ በቤት ወሬ ግን አትጠቀሙበት። «ፖዝ» ለአጭር ጊዜ ገታ አድርጎ ከዚያው ነጥብ መቀጠል ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ያስተምራችኋል፤ ሁለቱ ቋሚ መስመሮች «ፖዝ»፣ አራት ማዕዘኑ «ስቶፕ»። «ሲዝ» የሕግና የመግለጫ ቃል ነው፤ «ሲዝፋየር» ሲሉ ተኩስ አቁም ማለታቸው ነው። «ጊቭ አፕ» ሁለት መልክ አለው። ብቻውን ሲቆም ተስፋ መቁረጥ ነው። ከልማድ ጋር ሲሄድ ግን፣ «ጊቭ አፕ ስሞኪንግ» ሲባል፣ ያው የ«ኲት» ወንድም ነው፤ እንግሊዞች አዘውትረው ይሉታል።

አጻጻፍና አነባበባቸው ላይ ምን ልጠንቀቅ?

«ስቶፕ» ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሄድ «ስቶፕት» ተብሎ ይነበባል፤ መጨረሻው «ድ» ቢመስልም ድምፁ «ት» ነው። ሲጻፍ «ፒ» ትደገማለች፣ «ኢንግ» ሲጨመርም እንዲሁ። ከፊቱ «እ» እየጨመርን «እስቶፕ» የማለት ልማድ አለን፤ ትርጉም አያበላሽም፣ ግን «ስስስ» ብላችሁ ጀምራችሁ ልመዱት፣ በሳምንት ይስተካከላል።

«ኲት» ኃላፊ ጊዜውም ያው «ኲት» ነው፣ አይለወጥም። «ኢንግ» ሲጨመር «ቲ» ትደገማለች። ከባዱ ነገር ሁለት መንታ መሳዮች አሉት፦ «ኳይት» በጣም ማለት ነው፣ «ኳየት» ጸጥታ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚለያቸው «ኢ» የተባለችው ፊደል መኖሯ፣ አለመኖሯና ቦታዋ ብቻ ነው። «ኲት» የላትም፤ «ኳይት» ከመጨረሻ አላት፤ «ኳየት» ከ«ቲ» በፊት አላት። «ኲት» እና «ኳየት» ከአንድ የላቲን ሥር የበቀሉ ስለሆኑ መመሳሰላቸው ዝምድና ነው።

እንግሊዞችና አሜሪካኖች ይለያያሉ?

ጥቂት ይለያያሉ። አሜሪካኖች «ኲት»ን ሰፋ አድርገው ይጠቀሙበታል፤ የሚረብሽ ልጅን «ኲት ኢት!» ይሉታል፤ ሞተር ሲጠፋባቸውም «ዚ ኤንጅን ኲት» ይላሉ። ሞተር ሐሳብ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ከላይ ካልኩት ሕግ የሚወጣ አነጋገር ነው፣ ስትሰሙት እንድታውቁት ብቻ ነው የጠቀስኩት። እናንተ «ስቶፕት» ካላችሁ የትም አትሳሳቱም።

አስጎብኚዎችና የሆቴል ሠራተኞች ደግሞ ይህን ያዙ። በዕድሜ ገፋ ያለ እንግሊዛዊ «ዌር አር ዩ ስቶፒንግ?» ብሎ ሌላውን እንግዳ ሲጠይቅ ብትሰሙ፣ የት አርፋችኋል፣ የትኛው ሆቴል ናችሁ ማለቱ ነው። ስለ መኪና አይደለም።

የመንገድ ምልክቱ ላይ ለምን «ስቶፕ» ተጻፈ?

አጭርና ትእዛዝ ስለሆነ፣ ማንም ሹፌር ለጊዜው ብቻ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካ ዲትሮይት ውስጥ ነው የተተከለው፤ ያን ጊዜ ነጭ ነበር፣ ጽሑፉ ጥቁር። ስምንት ማዕዘን የሆነው በ1923 አካባቢ ሲሆን ቀዩ የመጣው በ1954 ነው። እኛ አገር ከ«ስቶፕ» ጋር «ቁም» ተብሎ ይጻፍበታል። ሴት ተማሪዎቼ ለምን «ቁሚ» አልተባለም ብለው ይጠይቁኛል፣ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው፤ አማርኛ ማንን እንደሚያዝ ሳይመርጥ ማዘዝ አይችልም። እንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም ለብዙም አንድ «ስቶፕ» ብቻ ነው ያለው።

«ተው» እና «ተወኝ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላሉ?

«ተው» ብዙ ነገር ተሸክማለች። እናት ልጇን ስትገስጽ «ተው!» ትላለች፤ ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ሲገላግል «ተዉ እንጂ» ይላል፤ የሚገርም ወሬ የሰማ ሰውም «ተው!» ይላል። ለመጀመሪያው «ስቶፕ ኢት» ይሆናል። ለሁለተኛው «ፕሊዝ ስቶፕ» ቢባል የሽማግሌው ድምፅ ውስጥ ያለው ልመናና ክብር ሁሉ አይመጣም፤ እስካሁን የተሻለ አላገኘሁለትም። ለሦስተኛው ቃሉ ጨርሶ ሌላ ነው፤ «ሪሊ?» ይላሉ።

«ተወኝ» ግን «ስቶፕ ሚ» አይደለም። «ስቶፕ ሚ» ማለት «አስቁመኝ፣ ያዘኝ» ነው፣ የተገላቢጦሹ። ገበያ ላይ አንድ ሰው ቢያስቸግራችሁ «ሊቭ ሚ አሎን» በሉ። «ተወው፣ ግድ የለም» ለማለት ደግሞ «ሌት ኢት ጎ» ወይም «ኔቨር ማይንድ»።